የአያ ባዘዘው ትከሻ

«ኧረ ቶሎ አስተኟቸው! እንግዳ መጣ!»

ምሥራቅ የግቢውን የቆርቆሮ በር ገፋ አድርጋ ስትገባ ከማድቤት በኩል የሰማችው ድምፅ ይህ ነበር። የጮኸችው የወንድሟ ሚስት ሥራነሽ ናት። የበሩን መንቋቋት ሰምታ ጠያቂ የመጣ መስሏታል። በረንዳው ላይ፣ የጧት ፀሐይ በሚያርፍበት አግዳሚ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠው የነበሩት አባቷ አያ ባዘዘው ወዲያው ከመቀመጫቸው ተነጠቁ። ወንድሟ እንዳላማው ቀኝ ክንዳቸውን ይዞ ወደ ላይ ሳባቸው፤ በሌላ እጁ ወገባቸውን አቅፎ፣ አንድ እግራቸው መሬቱን እየጠረገ፣ ወደ ውስጥ አስገብቶ አልጋው ላይ አጋደማቸው። ምሥራቅ ደፉን ከመርገጧ በፊት ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። ብርድ ልብሱ እስከ አገጫቸው ተስቧል፣ ትራሱ ተደላድሏል፣ ወንበሮቹ በአልጋው ዙሪያ ተደርድረዋል። ሥራነሽ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ብቅ አለችና የገባችው ማን እንደሆነች ስታይ በሳቅ ፈረሰች። «ውይ፣ አንቺ ነሽ እንዴ! እኛ ደግሞ ሰው መስሎን!»

ምሥራቅ ግን ሳቁ አልመጣላትም። ሰውን ከአልጋ ማንሣት እንጀራዋ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ከተማ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት ሆና ከተቀጠረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከባጃጅ ወድቆ ጭኑ የተሰበረውን፣ ከወሊድ በኋላ እግሯ የከዳትን፣ እንደ አባቷ ግማሽ ጎኑ በስትሮክ የተያዘውን፣ ሁሉንም በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ በሁለት የብረት ዘንጎች መካከል አቁማ «ግራ… ቀኝ… አይዞህ፣ አልጥልህም» ስትል ትውላለች። ሥራዋ ለተመልካች የሚማርክ አይደለም። መርፌ የለው፣ ቀዶ ጥገና የለው። አንዲት ጣት ከትናንት ይልቅ ዛሬ ትንሽ ከታጠፈች እሷ በደስታ ታጨበጭባለች፣ የበሽተኛው ዘመድ ደግሞ «መድኃኒቱ መቼ ነው የሚሰጠው?» ብሎ ይጠይቃታል። ለዘመድ ሁሉ ሳትሰለች የምትናገረው አንድ ነገር ቢኖር የዛለውን ክንድ ይዛችሁ አትጎትቱ የሚል ነው። አሁን በገዛ አባቷ ቤት ደጃፍ ቆማ ያየችው ያንኑ ነበር።

«ወንድምዓለም፣ በተቀመጡበት ብንገናኝስ ምን ነበረበት?» አለች ወንድሟን፣ የአባቷን ግንባር ስማ ቀና እንዳለች።

«የታመመ ሰው በረንዳ ላይ ተሰይሞ ጠያቂ ይቀበላል እንዴ?» አለ እንዳላማው ላቡን እየጠረገ። «ባለፈው ቁጭ ብለው ያገኟቸው ጊዜ ‹ድነዋል ለካ› ብለው የያዙትን ዳቦ ይዘው ሊመለሱ ምንም አልቀራቸውም።»

ቀልዱን ነው፤ ግን ሙሉ በሙሉ ቀልድ አልነበረም። በአማኑኤል ከተማ ዙሪያ በሽተኛ መጠየቅ የራሱ ሥርዓት አለው። ሰው እርሻውን አቁሞ፣ ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ፣ በነጠላ የተጠቀለለ ዳቦ ይዞ መጥቶ በሽተኛውን በፀሐይ ሲንፈላሰስ ቢያገኘው ትንሽ ቅር ይለዋል። በሽተኛ መተኛት አለበት፤ ጠያቂው ዙሪያውን ተቀምጦ «ምሕረቱን ይላክልዎት» ማለት፣ ቤተኛው ደግሞ «አሜን» እያለ ምግብ ማቅረብ አለበት። አያ ባዘዘው ደግሞ ተራ በሽተኛ አይደሉም። አርባ ዓመት ሙሉ ወጌሻ ነበሩ። ከአማኑኤል እስከ ደምበጫ እሳቸው ያላሹት ወለምታ፣ እሳቸው ያልጠገኑት ስብራት አለ ለማለት ይከብዳል። ያ ሁሉ የዳነ እግር አሁን ተራ በተራ ሊጠይቃቸው ይመጣል። ከጧት እስከ ማታ ሰው አይጠፋም፤ ሰው ካልጠፋ ደግሞ እሳቸው አይነሡም። ያዳኗቸው ሰዎች ብዛት አልጋ ላይ አስቀርቷቸዋል።

ምሥራቅ ግን የመጣችው ለመጠየቅ ሳይሆን አባቷን ልትወስድ ነበር። አያ ባዘዘው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ላይ ቀኝ ጎናቸው ከከዳቸው ሁለት ወር ተኩል ሊሞላ ነው። ሆስፒታል አሥር ቀን ተኝተው «ቤቴ ውሰዱኝ» ሲሉ እንዳላማው መኪና ይዞ መጣ። እሷም ሾፌሩ ጥሩንባውን እየነፋ፣ ሌላ በሽተኛ ክፍሏ ውስጥ እየጠበቃት፣ ምን ምን ማድረግ እንዳለባቸው በጥድፊያ ነግራ ሸኘቻቸው። በየቅዳሜው ልትመጣ ነበር ሐሳቧ። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ሲከፈት መኪና ጠፋ፣ መኪናው ሲገኝ ስልኩ ጠፋ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሳምንቱ ነጎደ። የዛለ አካል ቶሎ የሚታዘዘው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት መሆኑን ታውቃለች። ከዚያም በኋላ ተስፋ አይቆረጥም፣ ግን ዳገቱ ይበረታል። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ወስዳ፣ አከራይዋን አስፈቅዳ፣ ዛሬ አባቷን ይዛ በአሥር ሰዓቱ ሚኒባስ ልትመለስ ቆርጣ ነው የመጣችው። ከአሥር ሰዓት በኋላ በዚያ መንገድ የሚደፍር ሾፌር የለም።

ሐሳቧን ገና ለወንድሟ ሳታዋየው እውነተኞቹ እንግዶች ገቡ። ከታች ሰፈር እትዬ የብርጓል ናቸው፤ ከኋላቸው የዝንብ ጭራቸውን እያወዛወዙ ቄስ ይታያል የሚባሉት ካህን ተከተሉ። ሥራነሽ በምሥራቅ ፊት «አስተኟቸው» ማለት አላስፈለጋትም፤ ተኝተዋል። እትዬ የብርጓል ትልቁን ዳቦ ለሥራነሽ አስረክበው፣ ወንበሩን ወደ ራስጌው አስጠግተው፣ በረጅሙ ተነፈሱ። «እንዴት አደሩልኝ አያ ባዘዘው? ምሕረቱን ያምጣልዎት። እኔ ዛሬ እንኳ የመጣሁት በዚህ ባዳኑኝ እግሬ ነው» አሉና ቀሚሳቸውን ገልጠው ቁርጭምጭሚታቸውን ለቤቱ ሁሉ አሳዩ። ጥሩ ተጠግኗል። ምሥራቅ በባለሙያ ዓይን አየችውና በልቧ አደነቀች። ከዚያ ወሬው ከበሽተኛው ርቆ ሄደ። ጤፍ ኩንታሉ አሥራ አራት ሺህ መግባቱ ተነሣ፤ ማዳበሪያ ተነሣ፤ የማን ልጅ ማንን አገባች ተነሣ። አያ ባዘዘው ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለው፣ ሥራቸውን እንደሚሠራ ሰው በትጋት ተኝተዋል። አንዳንዴ ግራ እጃቸው ብቻ ከብርድ ልብሱ ሥር ወጥታ ቀኝ ትከሻቸውን ትዳብስና ተመልሳ ትገባለች። ከምሥራቅ በቀር ያየ አልነበረም።

ምሥራቅ ሰዓቷን እያየች ሦስት ጊዜ ተነሥታ ሦስት ጊዜ ተቀመጠች። አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ከዚህ በላይ መታገሥ አቃታት። «እኔ ዛሬ አባባን ይዣቸው ልሄድ ነው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለክፍሉ በሙሉ። «ማርቆስ እኔ ዘንድ ሁለት ወር ይቀመጡና በየቀኑ እንቅስቃሴ አሠራቸዋለሁ። ይነሣሉ።»

ሥራነሽ የያዘችውን ሰሐን የት እንደምታስቀምጥ ጠፋት። ቄስ ይታያል ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ልጄ፣ ሐሳብሽ መልካም ነው፤ የታመመ ሰው ግን ዋናው ዕረፍት ነው። ደግሞ ሰው በቤቱ፣ በልጁ እጅ ሲሆን ነው።» እንዳላማው ወደ ውጭ ነው የሚያየው። ጆሮው ግን እስከ ጫፉ ቀልቷል። ምሥራቅ ያን ጊዜ የተናገረችው ነገር በእንግዳ ፊት እንዴት እንደተሰማ ገባት። «ወንድሜ አባቴን መጦር አቅቶታል» ያለች ያህል ነበር።

እንግዶቹ ሲወጡ እንዳላማው ሊሸኛቸው ተከተለና በዚያው ወደ ሱቁ ሄደ። ሱቋ አስፋልቱ ዳር ናት፤ ሳሙና፣ ባትሪ፣ ምስማርና ገመድ ይሸጥባታል። አባቱ ወጌሻነቱን ሊያስተምሩት ስንት ዓመት ደክመው ነበር። ሙያው ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ነው የሚወርደው፤ እሳቸውም ከአባታቸው ነው የተማሩት። በሽተኛ በመጣ ቁጥር እንዳላማውን ጠርተው እጁን ከእጃቸው ሥር አድርገው አጥንቱን ያስዳስሱት ነበር። እሱ ግን የሰው ጩኸት አይችልም፤ ሰው ሲያቃስት ፊቱ አመድ ይመስላል። ምሥራቅ የስምንት ዓመት ልጅ ሆና የሞቀ ውኃ የማቅረብ ሥራ ነበራት። ውኃውን አስቀምጣ ትንሽ ቆም ስትል «በይ ውጪ» ይሏታል። ክፋት አልነበረበትም፤ ሴት ልጅ ምን ታደርግበታለች ብለው ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፊዚዮቴራፒ ስትመርጥ ጓደኞቿ «ሕክምና እያለልሽ?» ብለው ነበር። እሷ ለምን እንደመረጠችው ለማንም አልተናገረችም። ተመርቃ ስትመጣ አባቷ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ነርስ ሆንሽልኝ» አሏት። አላረመቻቸውም። እስከ ዛሬም ድረስ ምን እንደምትሠራ ጠይቀዋት አያውቁም፤ እሷ ግን በየበሽተኛው ትከሻና ጉልበት ላይ እጇን ባሳረፈች ቁጥር እሳቸው ቢያዩኝ ብላ ትመኛለች። ሠላሳ አራት ዓመት የሆናት ሴት፣ ባለሙያ፣ ዛሬም አባቷ «ነይ እስቲ፣ ዳስሺው» እንዲሏት ትናፍቃለች።

ሥራነሽ ሽሮ ልትጥድ ወጣች። ቤቱ ውስጥ አባትና ልጅ ብቻ ቀሩ። ቤቱ ከጭቃ የተሠራ፣ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ በአንድ ትንሽ መስኮት ብርሃን የሚያገኝ ነው፤ አልጋው ለመስኮቱ ጀርባውን ሰጥቶ ስለተዘረጋ አያ ባዘዘው ቀኑን ሙሉ የሚያዩት ግድግዳ ነው። ምሥራቅ ብርድ ልብሱን ገለጠች። «ላይዎት አባባ» ብላ ሸሚዛቸውን አወለቀች። ሁለት ወር ሳይሠራ የከረመ አካል ምን እንደሚመስል ታውቃለች፤ ግን የአባት ሲሆን እንዲህ እንደሆነ አታውቅም ነበር። ያ ሰው ሁሉ የሚፈራው ጠንካራ ክንድ ቀልጦ ቆዳው ብቻ ቀርቷል። እግራቸውን አጠፈች፣ ዘረጋች፤ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ከፈተች። «ይግፉኝ እስቲ» አለች እግራቸውን በመዳፏ ይዛ። ገፏት። ትንሽ ናት፤ ግን ገፏት። እግሩ አለ! ከዚያ ወደ ትከሻቸው ስትደርስ ፊታቸው ጨለመ።

ዓይናቸውን ጨፈኑ እንጂ አልጮኹም። ምሥራቅ ጣቷን ቀስ ብላ በትከሻው አጥንት ጫፍ ላይ አሳረፈች። ከጫፉ ሥር፣ ሥጋ ሊሞላበት በሚገባው ቦታ፣ አንድ ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ አለ። ክንዱን የሚሸከመው ጡንቻ ሲዝል ክንዱ በገዛ ክብደቱ ይንጠለጠላል፤ ያንን የተንጠለጠለ ክንድ በየቀኑ አሥር ጊዜ ከጎተቱት መጋጠሚያው ይላላል። ይህን በጥድፊያ ስትሸኛቸው ተናግራ ነበር? ሾፌሩ ጥሩንባ ሲነፋ ትዝ ይላታል፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ጨው፣ ስለ መድኃኒቱ ሰዓት መናገሯ ትዝ ይላታል። የክንዱ ነገር ግን ትዝ አላላትም። ለሌላው ሰው ዘመድ ሁሉ የምትናገረውን ለወንድሟ ረስታው ይሆን?

«እዚያ አይደለም» አሉ አባቷ። አፋቸው ኮልተፍ ይላል፤ ቃሉን ፈልገው ነው የሚያወጡት። ግራ እጃቸውን አንሥተው የእሷን እጅ ያዙና ጣቶቿን ትንሽ ወደ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ታች ወሰዷቸው። «እዚህ። በጣትሽ ጫፍ አይደለም፣ በመዳፍሽ። አገኘሽው?»

«አገኘሁት።»

«ተነቅሏል እንዳትይ። ወርዷል እንጂ አልተነቀለም።»

«አውቃለሁ አባባ። ወርዷል።»

አያ ባዘዘው ቀና ብለው አዩዋት። ገና ዛሬ ያዩዋት ይመስሉ ነበር። የምሥራቅ እጅ አሁንም ከእጃቸው ሥር ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ስትጠብቀው የነበረ ነገር እንዲህ፣ በቅዳሜ ቀትር፣ ሥራነሽ ውጭ ሽንኩርት እያቁላላች፣ በአባቷ በራሳቸው ትከሻ ላይ ይሆናል ብላ አላሰበችም። ልትስቅም ልታለቅስም ፈለገች። እጃቸውን እንዳያነሡት ብላ አልተንቀሳቀሰችም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?» አለች በመጨረሻ።

«ከመጣሁ በሳምንቱ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩትም? ‹ክንዴን አትያዝ› ማለት ነው እኮ! ሕመሙ ሌሊት አያስተኛዎትም!»

«ምን ብዬ? ሲያነሣኝ… ሁልጊዜ ግንባሬን ይስመኛል። አንተ ነህ ያጎደልከኝ ልበለው?» አሉ አያ ባዘዘው ቃሉን እየፈለጉ። «እጁ ለዚህ አልተፈጠረም። ድሮም ተጨንቄበት ነበር። አሁን በእኔ ላይ ሆኖ ቢያውቀው… ልቡ ተሰብሮ አይነሣም። እንዳትነግሪው።»

«እንግዲያው ከእኔ ጋር ይሂዱ። እዚያ ማንም አይነካዎትም፣ ማንም ምንም አያውቅም።»

«ከሄድኩማ ምን ይባላል እሱ?» አሉ። «ቄሱ ሲናገሩ ሰማሽ። አባቱን መጦር አቃተው ይሉታል። ሱቅ ቁጭ ብሎ ያንን ሲሰማ ይዋል? አልሄድም፣ ልጄ። አንቺ እዚሁ የምታደርጊውን አድርጊልኝ።»

«እሺ፣ አልነግረውም» አለች ምሥራቅ። ቀናች። እንዲህ ብሎ መናገር ያሳፍራል፤ ግን ቀናች። በዚያች ሰዓት አባቷ በወረደ ትከሻ ሁለት ወር ሙሉ ለወንድሟ ዝም ማለታቸው፣ ከማንኛውም ቃል ይልቅ የበለጠ ፍቅር ሆኖ ታያት። ለእኔስ እንዲህ ዝም ይሉልኝ ነበር? ብላ አሰበች። መልሱን ስላላወቀችው ትራስ አምጥታ ክንዳቸውን ከሥር ደገፈችው፤ አልጋውን ጎትታ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረችው። ሥራነሽ ምሳ ይዛ ስትገባ ቤቱ የተገለበጠ መስሏት ደነገጠች።

እንዳላማው ስምንት ሰዓት ላይ ተመለሰ። እህቱን አላያትም፤ ጥግ ላይ ቆሞ የመኪናውን ሰዓት የሚጠብቅ ይመስላል። አኩርፏል ማለት ነው። ምሥራቅ ነጠላዋን አነሣችና «አባባ አይሄዱም፤ እዚሁ ይሆናሉ» አለችው። «እኔ ሩቅ ነኝ። የሚያሠራቸው አንተ ነህ። ና ላሳይህ።»

ፊቱ ፈታ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራ። «እኔ? እኔ ምን አውቄ?»

«ና አልኩህ እኮ።»

የሥራነሽን መቀነት አስመጣች። ሰፊና ጠንካራ የሸማ መቀነት ነበር፤ በአባታቸው ወገብ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥማ አሠረችው። ቀኝ ክንዳቸውን በተጣጠፈ ነጠላ አንገታቸው ላይ አንጠለጠለችላቸው። «ከእንግዲህ መያዣው ይህ ነው» አለች መቀነቱን እየነካች። «ክንድ የለም። ክንዳቸውን ማንም አይዝም፣ እትዬ የብርጓልም ቢሆኑ። እግራቸውን መሬት ታስረግጣለህ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ይላሉ፣ አንተ በጉልበትህ ጉልበታቸውን ደግፈህ መቀነቱን ይዘህ ታነሣቸዋለህ። አትጎትታቸውም፤ አብረሃቸው ትነሣለህ።» አሳየችው። አያ ባዘዘው ሳያቃስቱ ተነሥተው ቆሙ። ሥራነሽ በሩ ላይ እልል ልትል አፏን ከፈተችና በእጇ ያዘችው።

እንዳላማው ግን አልተደሰተም። መቀነቱን አየ፣ የተንጠለጠለውን ክንድ አየ። «እስካሁን የማነሣቸው አነሣስ… ልክ አልነበረም እንዴ?»

አያ ባዘዘው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ምሥራቅ በዘጠኝ ዓመት ሥራዋ ለበሽተኛ ቤተሰብ ዋሽታ አታውቅም፤ እንዲያውም በዚህ የምትታወቅ ደረቅ ናት።

«ያኛው ለዚያን ጊዜ ነበር» አለች። «ያኔ ደክመው ነበር። አሁን እየጠነከሩ ስለሆነ አያያዙ ይቀየራል። ሆስፒታልም እንዲሁ ነው የምናደርገው።»

አባቷ ዓይናቸውን ገለጡ። እንዳላማው ራሱን ነቀነቀና የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ ተጠጋ። መቀነቱን በጣም አላልቶ ይዞ፣ ሙሉ ቀልቡን አባቱ ፊት ላይ ጥሎ፣ ያመማቸው እንደሆነ ብቻ ይመለከታል። ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለት ጊዜ መልሶ አስቀመጣቸው። ምሥራቅ ከጎኑ ሆና በራሷ እጅ እያሳየችው፣ «ከዚህ፣ ከሥር» ትላለች፤ እሱ ግን አሁንም የአባቱን ፊት ነው የሚያየው።

«አንተ!» አሉ አያ ባዘዘው በድንገት፣ በዚያ በድሮው፣ በሽተኛ ያዙልኝ ሲሉ በሚናገሩበት ድምፅ። «ፊቴን ምን ታያለህ? እጇን እይ። እንደ እጇ አድርግ።»

እንዳላማው እጇን አየ። ምሥራቅም እጇን አየች፤ የማን እንደሆነ እንዳልተነገራት ሁሉ። ቃሉ ለእሷ አልተባለም፣ ስሟም አልተጠራም፤ ግን ሰምታዋለች፤ ማንም ሊወስድባት አይችልም። በሦስተኛው ሙከራ አባትና ልጅ አብረው ተነሡ። ከዚያ ምሥራቅ የዛለውን እግር በእግሯ እየገፋች፣ እንዳላማው መቀነቱን ይዞ፣ ከአልጋው እስከ በሩ መቃን ስድስት እርምጃ ሄዱ። ስድስት እርምጃ ለመሄድ ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው። አያ ባዘዘው የበሩን መቃን በግራ እጃቸው ጨብጠው ግቢውን ቆመው አዩት፤ ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤት ገብስ ቢጫ ሆኗል። «ደርሷል እኮ» አሉ። «ለምን አልነገራችሁኝም?»

ከዘጠኝ ተኩል በኋላ ሁሉም ነገር በጥድፊያ ሆነ። ምሥራቅ የጧቱን፣ የቀኑን፣ የማታውን እንቅስቃሴ አስደገመችው፤ ጠያቂ ሲመጣ አባባ ወንበር ላይ ሆነው እንደሚቀበሉ ሥራነሽን አስማለቻት። ሥራነሽ «ሰው ምን ይላል» ብላ ትንሽ ተከራክራ በመጨረሻ «‹ሐኪሟ ናት ያዘዘችው› እላለሁ» አለች። አባቷን ስትሰናበት ግንባራቸውን ሳመች። እሳቸው «ለቅዳሜ ትመጫለሽ?» አሏት። «መንገዱ ካልተዘጋ» አለች።

እንዳላማው የእትዬ የብርጓልን ዳቦ ግማሹን በፌስታል ይዞላት እስከ አስፋልቱ ሸኛት። የአማኑኤል ገበያ መበተኛ ሰዓት ነው፤ ባጃጆች በአህያና በሰው መካከል እየተሹለከለኩ ያልፋሉ፣ ረዳቱ «ማርቆስ! ማርቆስ! የቀረ አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል። ሚኒባሱ አጠገብ ሲደርሱ እንዳላማው ፌስታሉን አልሰጣትም፤ እንደያዘው ቆመ።

«ምሥራቅ» አለ። «የአባባን ትከሻ የጎዳሁት እኔ ነኝ፣ አይደል?»

ምሥራቅ ፌስታሉን ልትቀበለው እጇን ዘረጋች።

«ባነሣኋቸው ቁጥር ያቃስታሉ። ሕመሙ ነው ብዬ ነበር። ዛሬ አንቺ ስታነሻቸው ዝም አሉ። በመጨረሻ እኔም በመቀነቱ ሳነሣቸው ዝም አሉ።» ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዞረ። «ሁለት ወር ሙሉ፣ ምሥራቅ። ሁለት ወር።»

«እኔም በደንብ አልነገርኩህም ያኔ» አለች። እውነት ይሁን አይሁን አሁንም አታውቅም። «ክንዳቸውን በቀን ሦስት ጊዜ እንዳሳየሁህ ካሠራሃቸው፣ ሕመሙ ይቀንሳል።»

«እጃቸውስ ይመለሳል?»

«እግራቸው ይመለሳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እጃቸውን… አላውቅም።»

ረዳቱ «እህት፣ ትገቢያለሽ ወይስ?» አለ። እንዳላማው ፌስታሉን ሰጣት፤ እጇን ግን አልለቀቀም። «ማወቄን እንዳትነግሪያቸው» አላት ዝቅ ብሎ። «ከሰሙ ይሳቀቁብኛል። ‹ተወኝ፣ አታንሣኝ› ይሉኛል። እባክሽ።»

«እሺ» አለች።

ለአባቷም እሺ ብላለች። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱ ጋ ባለችው በቀረችው ቦታ ተጨንቃ ተቀመጠች፤ ረዳቱ በሩን ገጭ አድርጎ ዘጋው። እንዳላማው በጥድፊያ፣ ሊሮጥ ምንም ሳይቀረው፣ ወደ ቤት ሲመለስ በመስታወቱ አየችው። የማታው ሰዓት ደርሷል፤ አባቱን ሊያነሣ ነው። ዛሬ ማታ አንዱ እያነሣ፣ አንዱ እየተነሣ፣ ሁለቱም የሚያውቁትን አንዱ ከአንዱ እየደበቁ በአንድ ቤት ውስጥ ይሆናሉ። ምሥራቅ ወርዳ አብራቸው ልትሆን ፈለገች፤ የሞቀ ውኃ እንኳ የምታቀርብ ሆና። ሚኒባሱ የአማኑኤልን የመጨረሻ ሱቅ አልፎ ዳገቱን ያዘ፤ ከጎኗ የተቀመጡት ሴትዮ «ዘመድ ጠይቀሽ ነው?» አሏት።

«አዎ» አለች ምሥራቅ። «ጠይቄ ነው።»